ቁርአን እያስተማሩ ፊደል የፈጠሩት ሼህ በክሪ ሳጳሎ

ልጁ ቁርአን ይቀራል፣ ድምፁም ያምራል። ግን የቀራው ገብቶታል ወይ? እዚህ መቀሌ ቃላሚኖ ያለ ወላጅም፣ ሐረርጌ ያለ ወላጅም ይሄን ይጠይቃል። ዛሬ የምናስታውሳችሁ ትምህርት በሕዝባቸው ቋንቋ እንዲደርስ ዕድሜያቸውን የሰጡ መምህር ነው።

ሼህ በክሪ እ.ኤ.አ. በ1895 ሐረርጌ ውስጥ ተወለዱ። ስማቸው አቡበከር ገራድ ዑስማን ሲሆን ሳጳሎ የሚለው መጠሪያ ለዓመታት ካስተማሩበት ቦታ የመጣ ነው። አባታቸው ደህና መሬት ያላቸው ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ግን ዕውቀት ፍለጋ ከሼህ ወደ ሼህ ዞሩ፤ ተመልሰውም ማስተማር ጀመሩ።

በዚያ ዘመን ለቁርአን ቤት የመንግሥት በጀት የሚባል ነገር የለም። ደረሳውን የሚያበላው፣ ሼሁን የሚያኖረው ማኅበረሰቡ ነው። ሼህ በክሪም ለዚህ ሕዝብ ከሃይማኖቱ ትምህርት ጎን ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ሥነ ፈለክ ያስተምሩ ነበር። በአፋን ኦሮሞም ግጥም ይገጥሙ ነበር፤ ያልተማረውም ሰምቶ ይረዳዋል።

ችግሩ ቋንቋውን ለመጻፍ ሲቀመጡ መጣ። የዓረብኛው ፊደል ለአንዳንድ የኦሮምኛ ድምፆች ምልክት የለውም። የግእዙም የሚረዝመውንና የሚያጥረውን አናባቢ አይለይም። ስለዚህ በ1956 የራሳቸውን ፊደል ፈጠሩ። ተማሪዎቻቸው ተማሩት፣ ደብዳቤም ተጻጻፉበት። ያስፋፋው ሕዝቡ ራሱ ነው።

መንግሥት ግን ሰጋ፤ ፊደሉን ከለከለ። በ1965 ሼሁን ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር አዋላቸው። በደርግ ዘመን ደግሞ፣ በ1978፣ በዚያ ዕድሜያቸው ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። በ1980 እዚያው በስደተኞች ካምፕ አረፉ።

አፋን ኦሮሞ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ የሳቸው ፊደል ሥራ ላይ አልዋለም። ጥያቄያቸው ግን አሁንም አለ። ለኡስታዙ ደመወዝ ስናዋጣ፣ ለመድረሳው ሙስሐፍና ምንጣፍ ስንገዛ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ላይ አናቁም። ትርጉሙ ለልጁ በምን ቋንቋ ይነገረዋል? ቤቱ ትግርኛ የሚያወራ ልጅ በትግርኛ ይብራራለታል ወይ? ቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ላይ ይሄን አንሱ። ለመጠየቅ ሼህ መሆን አያስፈልግም።