ከባርነት ተነሥቶ ከተማ የቈረቈረው ማሊክ አምባር

ሰው በአገሩ ተቀምጦ ሲኖር አገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ የራስን ታሪክ ለማግኘት ባሕር ተሻግሮ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ነገር በእኔ ላይ ስለ ደረሰ፣ ያየሁትንና የተማርኩትን ለመምህራኖቼ፣ ለጓደኞቼና ለወላጆች ላካፍል ብዬ ይህን ጽሑፍ በመጽሔታችን ላይ አቅርቤአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜ በሕንድ አገር ትምህርቱን ስለ ፈጸመ፣ እናቴና እኔ ለምረቃው ሄድን። የተማረባት ከተማ በምዕራብ ሕንድ በማሃራሽትራ ክፍል የምትገኝ ስትሆን ለረጅም ዘመን አውራንጋባድ ትባል ነበር፤ በ2023 ግን ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ ተለውጧል። ከምረቃው በኋላ ወንድሜ ያገሩን ጥንታዊ ሕንጻዎች እየዞረ አሳየን። ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍለው የወጡትን የኤሎራ ቤተ መቅደሶች ባየሁ ጊዜ ላሊበላ ትዝ አለኝ። በተራራ ላይ የተሠራውን የዳውላታባድን አምባ እያለከለክን ወጣን። የሞጉሉ ንጉሥ የአውራንግዜብ ልጅ ለእናቱ መታሰቢያ ያሠራውንና ታጅ ማሐልን የሚመስለውን ነጭ ሕንጻም ጐበኘን። በዚያ ሁሉ ስፍራ ጐብኚው እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ ይጋፋ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ወንድሜ ኩልዳባድ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደን። በዚያም ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ ባለ ጕልላት፣ ዝናብ ያበቀለው ሣር የከበበው አንድ መቃብር አሳየን። ከእኛ በቀር ጐብኚ አልነበረም። ወንድሜም እዚህ የተኛው ሰው ያገራችን ልጅ ነው ብሎ ነገረን። እኔ በትምህርት ቤት ስሙን ሰምቼ አላውቅም ነበርና አፈርኩ። ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ስለ እርሱ የተጻፈውን እየፈለግሁ አነበብኩ፤ ታሪኩም እንዲህ ነው።

ማሊክ አምባር የተወለደው በ1548 ገደማ ሲሆን፣ የትውልድ ስፍራው በሐረር አካባቢ እንደ ነበረ ብዙ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የልጅነት ስሙ ቻፑ ይባል ነበር። በኢማም አሕመድ ኢብራሂምና በነገሥታቱ መካከል የተደረገው ታላቅ ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት መሆኑ ነበር። ጦርነትና ችግር ባለበት አገር ደግሞ የሰው ነጋዴ አይጠፋም። ወላጆቹ ከድህነት የተነሣ ሸጡት የሚሉ አሉ፤ ተማርኮ ነው የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ ልጁ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ወደብ በሞካ ተሸጠ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ባግዳድ ደረሰ።

በባግዳድ የገዛው ሚር ቃሲም የሚባል ነጋዴ ልጁ አእምሮው ብሩህ መሆኑን አይቶ አስተማረው። ልጁም የእስልምናን ሃይማኖት ተቀበለና አምባር የሚል አዲስ ስም ወጣለት። በእኛ ቋንቋ አምባር ሲባል ትዝ የሚለን የእጅ ጌጥ ነው፤ በዐረብኛ ግን ዐንበር ከባሕር የሚገኝ ውድ ሽቱ ነው። ለባሮች የሽቱና የዕንቍ ስም ማውጣት የዘመኑ ልማድ ነበር፤ ስሙ እንኳ ዕቃ መሆኑን ያስታውሰው ነበር ማለት ነው።

ከዚህም በኋላ ወደ ደካን፣ ማለት ወደ መካከለኛው የሕንድ ደጋ ተወሰደ። እዚያም የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም የነበረው ቸንጊዝ ኻን ገዛው። የሚያስደንቀው ነገር ቸንጊዝ ኻን ራሱ ከሐበሻ አገር በባርነት ሄዶ ለዚያ ማዕርግ የበቃ ሰው ነበር። የደካን ነገሥታት መኳንንቶቻቸው በዘመድ ብዛት ተማምነው እንዳያምፁባቸው ይፈሩ ስለ ነበር፣ ዘመድና ርስት የሌለውን ባሪያ ገዝተው ጦረኛ ማድረግን ይመርጡ ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር ሐበሺ የተባለው ባሪያ ጐበዝ ከሆነ እስከ ሹመት ሊደርስ ይችል ነበር። አምባርም በዚህ ሰው ቤት የጦርን ስልትና የመንግሥትን አስተዳደር እያየ ተማረ።

ቸንጊዝ ኻን በ1570ዎቹ ዓመታት ሲሞት ሚስቱ አምባርን ነጻ አወጣችው። ነጻ ከወጣም በኋላ አግብቶ፣ እየተቀጠረ የሚዋጋ ወታደር ሆኖ ሃያ ዓመት ያህል በጎረቤት መንግሥታት ኖረ። ማሊክ የሚለውንም የክብር ስም ያገኘው በቢጃፑር ሳለ ነው። በ1595 ገደማ ወደ አሕመድናጋር ሲመለስ ተከታዮቹ 150 የሚያህሉ ፈረሰኞች ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል።

በዚያን ጊዜ ሰሜን ሕንድን የያዘው ታላቁ የሞጉል መንግሥት ደካንን ለመዋጥ ይገሠግሥ ነበር። በ1600 የንጉሠ ነገሥት አክበር ጦር የአሕመድናጋርን ምሽግ ያዘ፤ ንጉሡም ተማረከ። ብዙ መኳንንት ሲገቡና እጃቸውን ሲሰጡ፣ አምባር ግን ከነገሥታቱ ዘር አንድ ወጣት ፈልጎ ሙርተዛ ብሎ አነገሠው፤ ልጁንም ዳረለት፤ ራሱም እንደራሴ ሆኖ መንግሥቱን ያዘ። ተቀናቃኙን ራጁን በ1607 ካሸነፈ በኋላ ሥልጣኑ ጸና።

የሞጉል ሠራዊት ብዙ ዝሆንና መድፍ ነበረው። አምባር ይህን በሜዳ ገጥሞ እንደማይችለው ዐወቀ። ስለዚህ ቀላል ፈረሰኞችን እየላከ ስንቅ ማስዘረፍ፣ በሌሊት አደጋ መጣል፣ ጠላትን ወደ ገደልና ወደ ጫካ መሳብ ዋና ስልቱ ሆነ። በዚህም ውጊያ የማራታ ተወላጆች ከሐበሾቹ ጎን ተሰለፉ። በ1610 ገደማ በዚያ አገር የነበረ አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንደ ጻፈው፣ ሠራዊቱ 10,000 ሐበሾችና 40,000 የደካን ሰዎች ነበሩት። ከማራታ አለቆቹ አንዱ ሻሃጂ ሲሆን፣ እርሱም የታላቁ የሺቫጂ አባት ነው። ከተማዪቱ ዛሬ የምትጠራበት ሳምባጂ ደግሞ የሺቫጂ ልጅ ነው።

ከአክበር በኋላ የነገሠው ጃሐንጊር አምባርን እጅግ ይጠላው ነበር። በማስታወሻው መልኩን እያነሣ ሰደበው፤ ሠዓሊውንም አስጠርቶ የአምባርን ራስ በጦር ጫፍ ተሰክቶ ራሱ ጃሐንጊር በቀስት ሲወጋው አሳለ። ይህም ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን በሥዕል ያደረገውን በእውን ሊያደርገው አልቻለም፤ ከአምባር ጋራም ፊት ለፊት አልተገናኘም። ልዑል ኩረም በ1617 ጦር አምጥቶ አምባርን ለጊዜው አስገብሮት ነበር። ይህ ልዑል በኋላ በአባቱ ላይ በሸፈተ ጊዜ ግን የጦር ርዳታ ፍለጋ ወደ አምባር ተመለሰ። ልዑሉ ኋላ ሻህ ጃሃን ተብሎ ታጅ ማሐልን ያሠራው ነው።

ከድሎቹ ሁሉ የሚበልጠው በ1624 በባትቫዲ ያደረገው ነው። የሞጉልና የቢጃፑር ሠራዊት አንድ ሆነው በመጡበት ጊዜ የሐይቁን ግድብ አስፈርሶ ሜዳውን በጭቃ ሞላው፤ ጠላትም ስንቁ አልቆ፣ መንገዱ ተቈርጦ ተሸነፈ። አምባር በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ነበር።

እኔን ከጦርነቱ ይልቅ የማረከኝ የሠራው ሥራ ነው። በ1610 ኪርኪ የምትባለውን መንደር ዋና ከተማ አድርጎ ቈረቈራት፤ ወንድሜ የተማረባት ከተማ ይህችው ናት። በሞጉሎች ላይ ላገኘው ድል መታሰቢያ ያሠራው ባድካል የሚባለው ታላቅ በር ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከተማዪቱ ውሃ ስላልነበራት ከኮረብቶቹ ሥር የሚገኘውን ውሃ በመሬት ውስጥ በቦይና በሸክላ ቧንቧ አሳልፎ በቍልቍለቱ ኃይል ብቻ ወደ ከተማው አስገባ። ይህም ነህረ አምባሪ፣ ማለት የአምባር ቦይ ይባላል። ሞጉሎች ከተማዪቱን ወርረው ቢያቃጥሉም ቦዩ በመሬት ውስጥ ስለ ነበር ተረፈ፤ ሦስት መቶ ዓመት ያህልም ሕዝቡን አጠጣ። መሬትንም አስለክቶ፣ ለሙንና ጠፉን ለይቶ፣ ገበሬው እንደ መሬቱ ዓይነት እንዲገብር ሥርዐት አደረገ።

አንባቢ ሆይ፣ አምባር ነውር የሌለበት ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ያነገሠው ሙርተዛ በ1610 ሲሞት መርዝ ያጠጣው አምባር ነው ብለው በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ምክንያቱም የንጉሡ ሌላ ሚስት የአምባርን ልጅ ባሪያ ብላ ስለ ሰደበቻት ነው ይላሉ። ከዚህም በቀር ራሱ ከባርነት የወጣው ሰው ለሠራዊቱ ሌሎች ባሮችን ይገዛ ነበር።

በ1626 ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በተፈጥሮ ሞት ሞተ። የጃሐንጊር ታሪክ ጸሐፊ እንኳ በጦርና በአስተዳደር ወደር ያልነበረው፣ እስከ ሞቱ በክብር የኖረ ሰው መሆኑን መስክሯል። ልጁ ፈትሕ ኻን መንግሥቱን ሊያጸና አልቻለም፤ በ1636 አሕመድናጋር ፈጽሞ ጠፋ። ኪርኪም በሞጉሉ በአውራንግዜብ ስም አውራንጋባድ ተባለች። አውራንግዜብም በ1707 ሲሞት የተቀበረው በዚያችው በኩልዳባድ ነው። ስለዚህ ሞጉሎችን ሲዋጋ የኖረው ባሪያና የሞጉሎች ንጉሠ ነገሥት ዛሬ ባንድ ከተማ ዐፈር ውስጥ ይገኛሉ።

አሁን ወደ መቃብሩ ልመለስ። እኔ በኩራት ደረቴን ነፍቼ ፎቶግራፍ አንሣኝ እያልኩ ወንድሜን ሳስቸግር፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ዝም ብላ ቆማ ነበር። ቈይታም የዚህ ልጅ እናት ይህን ስፍራ ዐውቃ ይሆን ብላ ጠየቀችን። ወንድሜም እኔም መልስ አጣን። እርስዋ ልጅዋ ተምሮ እስኪጨርስ በየሳምንቱ በስልክ ድምፁን እየሰማች፣ እንደዚያም ሆኖ በናፍቆት ከስታ ነበር። የቻፑ እናት ግን ልጅዋ መሞቱን ወይም መኖሩን፣ አገር መግዛቱንም ሳትሰማ ቀርታለች። እርሱም ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ታሪኩን ስነግራቸው ጓደኞቼ የኛ ሰው ሕንድን ገዛ እያሉ አጨበጨቡ። እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን የእናቴ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። በአምባር ልንኮራ ይገባናል፤ ዳሩ ግን ኩራታችን ሙሉ እንዲሆን እንዴት ከዚያ እንደ ደረሰ መጠየቅ አለብን። ያን ልጅ ከእናቱ ነጥቆ እስከ ወደቡ የነዳው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከዚሁ ከምድራችን የተነሣም እጅ አለበት። በአገራችንም ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 መሆኑን ስናስብ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አንድ ቻፑ በለስ ቀንቶት ከተማ ቢሠራ፣ በመንገድ የቀሩትን፣ ስማቸውን የማናውቀውን ሌሎቹን ማን ይቈጥራቸዋል?

ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን የምንበተን ነን። ከመካከላችን ባሕር የሚሻገር ይኖራል። እኛን ግን የሚነዳን ነጋዴ የለም፤ በፈቃዳችን ሄደን በፈቃዳችን እንመለሳለን። አምባር ምርጫ ሳይኖረው በሰው አገር ለተጠማ ሕዝብ ውሃ አመጣ። ምርጫው በእጃችን ያለው እኛ በገዛ አገራችን ቦይ ለመቈፈር ብንሰንፍ ምን ምክንያት ልናቀርብ ነው? በኩልዳባድ ከተኛው ሰው እኔ የተማርኩት ይህን ነው።