ፍሬድሪክ ዌየርሃውዘር

ፍሬድሪክ ዌየርሃውዘር በ1834 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የሞተው ልጁ ገና 12 ዓመት ሲሆነው ስለ ነበር፣ ትምህርቱን ትቶ እርሻውን ለመርዳት ተገደደ። በ1852 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሮክ አይላንድ ከተማ በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠረ። በ1857 ዓ.ም. በደረሰው የገንዘብ ቀውስ የመሰንጠቂያው ባለቤቶች ከሰሩ። እርሱ ግን የሚስቱን እህት ካገባው ከዴንክማን ጋር ሆኖ በ1860 ዓ.ም. መሰንጠቂያውን ገዛ።

በዚያን ዘመን የእንጨት ንግድ የተመሠረተው በወንዝ ላይ ነበር። ሠራተኞች በብርዱ ወራት ዛፉን ቆርጠው ግንዱን በበረዶ ላይ እየጎተቱ ወንዝ ዳር ይከምሩታል፤ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ግንዱ እየተንሳፈፈ ወደ መሰንጠቂያዎቹ ይወርዳል። የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ግንድ በውሃው ላይ ስለሚደባለቅ፣ ባለቤቱ ይታወቅ ዘንድ በየግንዱ ጫፍ ምልክት ይመታበት ነበር። ይሁን እንጂ ጠብ አልቀረም። የቺፐዋ ወንዝ ነጋዴዎች የሚሲሲፒ ነጋዴዎች ግንድ በወንዛቸው እንዳያልፍ ይከላከሉ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ኃይለኛ ጎርፍ የቺፐዋ ነጋዴዎችን ግንድ ጠርጎ ወደ ታች ወሰደው። ዌየርሃውዘር በተቀናቃኞቹ ጉዳት ለመጠቀም አልፈለገም፤ በግንድ ልውውጥ ተስማማ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ወገኖች የጋራ ኩባንያ አቋቋሙ።

በወንዙ ዳር ያለው ዛፍ እያለቀ ሲሄድ ኩባንያዎች የባቡር ሐዲድ ወደ ጫካው ውስጥ ዘረጉ። ባቡሩ የወንዙን መሙላት ሳይጠብቅ፣ በውሃ ላይ የማይንሳፈፈውን ከባድ ግንድ ጭምር ያጓጉዝ ጀመር። የአንዱ ስፍራ ዛፍ ሲያልቅ ሐዲዱ ተነቅሎ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዌየርሃውዘርና ሸሪኮቹ ከሰሜን ፓስፊክ የምድር ባቡር ኩባንያ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር 900,000 ኤከር፣ ማለትም ከ360,000 ሄክታር በላይ ደን፣ እያንዳንዱን ኤከር በ6 ዶላር ገዙ።

ይሁን እንጂ የዚህ ሀብት ዋጋ ቀላል አልነበረም። በዊስኮንሲንና በሚኒሶታ የነበረው ሰፊ ደን ተመነጠረ፤ የተቆረጠውም ዛፍ በአብዛኛው አልተተካም። በየቦታው የተጣለው ቅርንጫፍ እየደረቀ እሳት ያቀጣጥል ነበር። በ1894 ዓ.ም. በሂንክሊ ከተማና በአካባቢዋ በተነሣው ቃጠሎ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ።

ዌየርሃውዘር በ1914 ዓ.ም. ሞተ። ኩባንያው በተቆረጠው ዛፍ ምትክ ሌላ የሚያለማበትን የመጀመሪያውን የደን እርሻ የከፈተው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም. ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ትጋትና ስምምነት ብልጽግናን እንደሚያስገኙ ያስተምራል፤ ነገር ግን የሚቆርጥ እጅ የሚተክል ካልሆነ ብልጽግናው የመጪውን ትውልድ ድርሻ እንደሚሻማ ጭምር ያሳያል።