የዝንቦቹ ፕሮፌሰር፦ ቶማስ ሀንት ሞርጋን

ሙዝ በጣም ሲበስል፣ ወይም ቤት ውስጥ ጠጅ ሲጣል፣ ከየት መጡ ሳይባል የሚያንዣብቡትን ጥቃቅን ዝንቦች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ዛሬ የምንነግራችሁ ከእነሱ ጋር ብዙ ዓመት ስለኖሩ ሰው ነው።

ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1866 እ.ኤ.አ. በኬንተኪ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ ተወለዱ። በኳስ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ የምትሰሙትን የአሜሪካ መዝሙር ግጥም የጻፈው ፍራንሲስ ስኮት ኪ የእናታቸው አያት ነበር። ልጅ ሳሉ የወፍ እንቁላልና ድንጋይ ሆነው የቀሩ የጥንት እንስሳት ቅሪቶች ይለቅሙ ነበር።

በ1904 ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ያን ጊዜ አንዳንድ ሳይንቲስቶች ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው ነገር ያለው ክሮሞሶም በሚባሉ ክር መሰል ነገሮች ላይ ነው ይሉ ነበር። ሞርጋን ግን አላመኑም፤ ማስረጃ አምጡ ባይ ነበሩ። ስለዚህ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በወተት ጠርሙሶች፣ ዝንብ ማርባት ጀመሩ። ምግባቸው ሙዝ፣ ከእንቁላል እስከ አዋቂነት ጊዜያቸው ሁለት ሳምንት እንኳ የማይሞላ! ሽታውን እናንተው ገምቱት።

በ1910 ቀይ ዓይን ካላቸው ዝንቦች መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ተገኘ። ሞርጋን ከቀይ ዓይን ሴቶች ጋር አዳቀሉት። ልጆቹ ቀይ ዓይን ሆኑ። የልጅ ልጆቹ ላይ ግን ነጩ ተመልሶ መጣ፤ ያውም በወንዶቹ ላይ ብቻ። ለምን? ሴቷ ኤክስ የሚባለው ክሮሞሶም ሁለት አላት፤ አንዱ ነጭ ቢሆን ሌላው ይሸፍንላታል። ወንዱ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ የዓይን ቀለም በእርግጥም ክሮሞሶም ላይ ነበር። ሞርጋን ሲጠራጠሩት የኖሩትን ሐሳብ የራሳቸው ዝንብ አረጋገጠባቸው፤ እሳቸውም ሐሳባቸውን ቀየሩ።

ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ አልፍሬድ ስተርተቫንት፣ የቤት ሥራውን ትቶ ሲሠራ አምሽቶ በአንድ ሌሊት የመጀመሪያውን የዘረ መል ካርታ ሠራ። (ወላጆች፣ ይህን ስንጽፍ እየፈራን ነው!)

በ1928 ሞርጋን ወደእኛው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና መጡ። በ1933 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ገንዘቡን ለራሳቸው ልጆች ብቻ አላደረጉትም፤ ለስተርተቫንትና ለካልቪን ብሪጅስ ልጆችም አካፈሉ። በ1945 አረፉ።

እሳቸው ያላዩት ጉድ ግን አለ። ዘረ መል ዲ ኤን ኤ ላይ በአራት ፊደላት የተጻፈ ነው። ሴል ሲሠራ ከዚያ ይገለብጣል፤ ግልባጩ አር ኤን ኤ ይባላል። ታዲያ አዳር የሚባል ፕሮቲን (ከእኛ አዳር ጋር ዝምድና የለውም) ግልባጩ ላይ ኤ የሚለውን ፊደል ይለውጥና ሴሉ ጂ ብሎ ያነበዋል። በላ የሚለውን ከሰሌዳ ስትገለብጡ ገላ ብትሉት እንደማለት ነው፤ ሰሌዳው ላይ ግን አሁንም በላ ነው።

ይህ እንዴት ይታወቃል? ከኦክላንድ አጠገብ ያለው የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ሴሌራ ከሚባል ድርጅት ጋር ሆነው በ2000 የዝንቧን ዲ ኤን ኤ አንብበው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች የዝንቧን ዲ ኤን ኤና አር ኤን ኤ ጎን ለጎን አድርገው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ፊደል በፊደል ያመሳክራሉ። ዋናው ላይ ኤ፣ ግልባጩ ላይ ጂ ካገኙ ምልክት ያደርጋሉ። የማንበቢያው መሣሪያ ተሳስቶስ ቢሆን? ለዚህም ዘዴ አለው፤ አዳር የሌላትን ዝንብ ያያሉ። እሷ ላይ ለውጡ ከጠፋ፣ በእርግጥ የአዳር ሥራ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ብዙዎቹ የሚታዩት አንጎል ውስጥ ነው። አዳር የሌላት ዝንብ በደንብ መራመድ አትችልም፤ ትንቀጠቀጣለች። ፕሮቲኑ በሰውም ውስጥ አለ፤ ሲበላሽ ሕፃናትን ክፉኛ የሚያሳምም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የዝንቧ የአዳር ዘረ መል ያለውም እዚያው፣ ሞርጋን ነጩን ዓይን ባገኙበት በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው።

ዝንቦቹ ራሳቸው በመጀመሪያ አፍሪካውያን ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በፍቼ ደጋ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖሩት ከዛምቢያ ዝንቦች ይልቅ ሰፋ ያለ ክንፍና ጠቆር ያለ ሰውነት አላቸው።