ኦሊቨር ሄቪሳይድ፡ ምፅዋት አልቀበልም ያለው የኬብል ሊቅ

ከሳተላይት ዲሽ ወደ ቴሌቪዥን የሚዘረጋው ክብ ኬብል፣ መካከሉ ላይ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሌላ የብረት ሽፋን አለው። ኮአክሲያል ይባላል። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1880 ይህን ንድፍ በእንግሊዝ በፈጠራ መብት ያስመዘገበው የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ ሰው ነበር።

ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1850 ለንደን ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ሕመም የመስማት አቅሙን ጎዳው። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በዴንማርክና በኒውካስል የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ፤ በ24 ዓመቱም ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ተቀጥሮ አያውቅም። በወላጆቹ ቤት ተቀምጦ የማክስዌልን የኤሌክትሪክ ንድፈ ሐሳብ በራሱ ጥረት ተማረ።

በዘመኑ በረጅም መስመር የሚላክ ድምፅ እየተዛባ ይደርስ ነበር። ሄቪሳይድ በ1887 የመስመሩ ኢንዳክታንስ ቢጨመር መዛባቱ እንደሚቀንስ በሒሳብ አሳየ። የብሪታንያ ፖስታ ቤት ከፍተኛ መሐንዲስ ዊሊያም ፕሪስ ግን ኢንዳክታንስን እንደ ጠላት ያይ ስለነበር፣ ሄቪሳይድ ከወንድሙ ጋር ያዘጋጀው ጽሑፍ እንዳይታተም ከለከለ። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ማይክል ፑፒን በዚሁ ሐሳብ የፈጠራ መብት አግኝቶ ባለጸጋ ሆነ። ሄቪሳይድ ሐሳቡን በስሙ አላስመዘገበም ነበር።

ድህነቱ ክብሩን አላስጣለውም። በ1894 ወዳጆቹ ያመቻቹለትን የገንዘብ ድጋፍ ምፅዋት ነው ብሎ መለሰ። በ1896 በዓመት 120 ፓውንድ የመንግሥት ጡረታ የተቀበለው፣ ለሳይንስ ሥራው የተሰጠ ዕውቅና መሆኑን ካመነ በኋላ ነው። በ1922 የመጀመሪያው የፋራዳይ ሜዳሊያ ተሸላሚ ሆነ፤ በ1925 በቶርኪ ከተማ አረፈ።

ቀመሮቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ሁለት አንቴናዎችን አጣምሮ ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ማተኮር የሚፈልግ የአማተር ሬድዮ ባለሙያ፣ ወደ አንዱ አንቴና የሚሄደውን ሲግናል በኬብል ርዝመት ያዘገየዋል። በ7 ሜጋኸርትዝ የሩብ ሞገድ ርዝመት በአየር ላይ 10.7 ሜትር ገደማ ነው። ጠጣር የፖሊኢታይሊን ሽፋን ባለው ኬብል ውስጥ ግን ሲግናሉ በብርሃን ፍጥነት 66 በመቶ ያህል ስለሚጓዝ፣ ለዚያው መዘግየት 7.1 ሜትር ይበቃል። የአረፋ ሽፋን ያለው ኬብል ሲግናሉን ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ ርዝመቱ መጨመር አለበት። ይህን ሳያሰላ ኬብል የሚቀይር ሰው አንቴናው አቅጣጫውን ይስታል። የስሌቱ መነሻ፣ ሄቪሳይድ በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻውን የቀመረው እኩልታ ነው።