ከተራ ወታደርነት እስከ ቄሳርነት፤ የዲዮቅልጥያኖስ ሕይወትና ዓመተ ሰማዕታት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ስንክሳር ሲነበብ ደጋግመን ከምንሰማቸው ስሞች አንዱ ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ስሙ ከሰማዕታት ገድል ጋር ዘወትር ቢነሣም፣ ሰውየው በምን መንገድ ለዙፋን እንደ በቃና ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ እምብዛም አናስተውልም። በዚህ ጽሑፍ የሮም ታሪክ ጸሐፊዎች የመዘገቡትን ሕይወቱን በአጭሩ እንመለከታለን። ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዲዮቅልጥያኖስ በድልማጥያ ምድር፣ በሰሎና አካባቢ ከዝቅተኛ ቤተሰብ ተወለደ። የቀደመ ስሙ ዲዮቅልስ ነበር። የዘር ክብርም ሆነ ሀብት ስላልነበረው ያደገው በውትድርና ነው። ዘመኑ ዙፋን በሰይፍ የሚያዝበት ነበር፤ ከ235 እስከ 284 ባሉት 50 ያህል ዓመታት ከ20 የሚበልጡ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ አብዛኞቹም በሰው እጅ ተገደሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ እርሱ ከጦር ሰፈር የወጡ ነበሩ።

በ283 ንጉሡ ካሩስ በፋርስ ዘመቻ ሞተ። ልጁ ኑሜርያኖስ ሠራዊቱን ይዞ ሲመለስ በኒቆምድያ አቅራቢያ በተሸፈነ ቃሬዛ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የንጉሡ የክብር ዘበኞች አለቃ የነበረው ዲዮቅልስ ኅዳር 20 ቀን 284 በሠራዊቱ ፊት ነገሠ። በዚያው ዕለት አፔር የተባለውን ባለሥልጣን የንጉሡ ገዳይ ነው ብሎ፣ ያለ ፍርድ በገዛ እጁ በሰይፍ ገደለው። ንግሡ በደም ተጀመረ።

በአስተዳደር ግን ብልህ ነበር። ግዛቱ ለአንድ ሰው እንደሚሰፋ ተረድቶ መክስምያኖስን ተባባሪ ንጉሥ አደረገ፤ በ293 ደግሞ ጋሌርዮስንና የታላቁ ቆስጠንጢኖስን አባት ቊንስጣን ጨምሮ ሥልጣኑን ለአራት ከፈለ። ክርስቲያኖችም አብዛኛውን ዘመኑን በአንጻራዊ ሰላም ኖሩ።

ኋላ ግን በጋሌርዮስ ግፊት ልቡ ጠነከረ። የካቲት 23 ቀን 303 ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ትታይ የነበረችው የኒቆምድያ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰች። በማግሥቱ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፣ ክርስቲያን ባለሥልጣናትም ከክብራቸው እንዲወርዱ ታወጀ። ቀጥሎም ካህናት ታሰሩ፤ በ304 ሕዝቡ ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ ታዘዘ። ከሁሉ ይልቅ በግብፅ የብዙ ምእመናን ደም ፈሰሰ።

ግንቦት 1 ቀን 305 ዲዮቅልጥያኖስ በፈቃዱ ዙፋኑን ለቀቀ፤ በትውልድ አገሩ ባሠራው ቤተ መንግሥትም አትክልት እየተከለ ተቀመጠ። በ308 ዳግም እንዲነግሥ ቢለመን እምቢ አለ። ይሁን እንጂ ዕረፍት አላገኘም። ልጁ ቫሌርያ ከእናቷ ከጵርስቃ ጋር በተሰደደች ጊዜ፣ በአንድ ወቅት ዓለም ሁሉ ይታዘዝለት የነበረው ይህ ሰው እንዲመልሱለት ደጋግሞ ለመነ፤ የሰማው ግን አልነበረም። እርሱ ከሞተ በኋላም ሁለቱ በሊቅንዮስ ትእዛዝ በተሰሎንቄ ተገደሉ።

ስደቱን የገፋፋው ጋሌርዮስም በ311 በጽኑ ደዌ ተይዞ ሳለ ክርስቲያኖች በነጻነት እንዲያመልኩ ዐወጀ፤ ስለ እርሱም ወደ አምላካቸው እንዲጸልዩ ጠየቀ። በ313 ቆስጠንጢኖስና ሊቅንዮስ ለቤተ ክርስቲያን ሙሉ ነጻነት ሰጡ።

ዲዮቅልጥያኖስ ለራሱ ያሠራው መቃብር ዛሬ በክሮኤሺያ፣ በስፕሊት ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ የሚታሰበው በእርሱ ስደት በሰማዕትነት ባለፈው በሰሎናው ኤጲስ ቆጶስ በዶምንዮስ ስም ነው። የንጉሡ አስከሬን ግን የደረሰበት አይታወቅም።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። ግብፃውያን እርሱ ከነገሠበት ዓመት መስከረም 1 ጀምረው ዘመንን በስሙ ይቈጥሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቍጥሩን ሳትለውጥ ስሙን ለወጠችው፤ የንጉሡ ዘመን የነበረው ዓመተ ሰማዕታት ተባለ። እኛም በባሕረ ሐሳብ ከዓመተ ምሕረቱ 276 ስንቀንስ ይህንኑ ዓመት እናገኛለን፤ ለምሳሌ 2016 ዓመተ ምሕረት 1740 ዓመተ ሰማዕታት ነው።

እንግዲህ ምእመናን፣ ከጭፍራነት ተነሥቶ ዓለምን የገዛው ሰው ሊያጠፋቸው የተነሣባቸው ሰዎች መታሰቢያቸውን በራሱ መቃብርና በራሱ ዘመን ላይ አገኙ። በሥልጣን ያለን ብንሆን ኃይላችን እንዳያታልለን፣ በመከራ ያለን ብንሆን ደግሞ የአሳዳጅ ብርታት ተስፋ እንዳያስቈርጠን ከዚህ ታሪክ እንማር።

የሰማዕታት በረከታቸውና ረድኤታቸው ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።