ሪቻርድ ሆልምስ

ሰር ሪቻርድ ሪቪንግተን ሆልምስ (1835 – 1911 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የብራና ጽሑፎች ባለሙያ፣ ሠዓሊና የዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙ የሚነሣው ከመቅደላ ዘመቻ ጋር በተያያዘ ነው። ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የነገሥታቱን ሥዕል ወስዶ ለራሱ ያስቀረው እርሱ ነው። (በዚህ ገጽ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ሆልምስ የተወለደው ለንደን ነው። አባቱ በብሪቲሽ ሙዚየም የብራና ክፍል ይሠሩ ስለነበር እርሱም በ1854 በዚያው ክፍል ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እንግሊዝ የታሰሩ ዜጎቿን ለማስፈታት ጦር ወደ ኢትዮጵያ ስትልክ፣ ሙዚየሙ 1,000 ፓውንድ መድቦ ሆልምስን ከጦሩ ጋር ላከው። ሥራው ለሙዚየሙ የሚሆኑ ቅርሶችን መግዛት ነበር።

መቅደላ

መቅደላ ዛሬ በደቡብ ወሎ ዞን፣ ከከሚሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ አምባ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ጦሩ አምባውን ዘረፈ። ሆልምስ የሞቱትን ንጉሥ ፊት በእርሳስ ነድፏል። ከአንድ ወታደር ላይም የወርቅ ዘውድና ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ፤ ሁለቱም ዛሬ በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ንብረቶች ናቸው። ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደና በጨረታ ተሸጠ። የሙዚየም ገንዘብ የያዘው ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም በመጨረሻ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ኵርዓተ ርእሱ ግን ለጨረታ አልቀረበም። ሆልምስ ያገኘው በንጉሡ መኝታ ክፍል፣ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ ነው። እሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ፣ በእንጨት ላይ የተሣለ የአውሮፓ ሥራ ሲሆን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ እንደተሣለ ይገመታል። ስሙ በግእዝ የራሱ መመታት ማለት ነው። የጎንደር ነገሥታት ሥዕሉን ይዘው ይዘምቱ ነበር፤ መኳንንትም በፊቱ ይምሉ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ከስናር ጋር በተደረገው ጦርነት (1744) ተማርኮ በወርቅ ተዋጅቷል። ለሆልምስ ግን ሥዕሉ ግሩም የፍሌሚሽ ሥራ ነበር፤ ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። የተላከው በሙዚየሙ ገንዘብና ስም መሆኑ ሲታሰብ ድርጊቱ ከቀጣሪዎቹ አንጻር እንኳ የሚያስወቅስ ነው።

የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ

ሆልምስ በ1870 በዊንዘር የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። ከመቅደላ ከመጡት መጻሕፍት ስድስት ምርጦቹ የገቡት እዚያው ዊንዘር ነው።

በነሐሴ 1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥቲቱና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰላቸው። ስለ ሥዕሉ የተሰጣቸው መልስ ግን ዱካው እንዳልተገኘና ወደ እንግሊዝ የመጣም እንደማይመስል የሚገልጽ ነበር። በዚያ ጊዜ ሥዕሉ በንግሥቲቱ በራሷ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እጅ ነበር። ሆልምስ ዝም አለ። ሥዕሉ በእርሱ ዘንድ እንዳለ በይፋ የታወቀው በ1890 ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ አንድ ዓመት በኋላ። በ1905 ፎቶግራፉ በርሊንግተን በተባለው የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ የሆልምስ ንብረት ተብሎ ታተመ።

ሆልምስ በውሃ ቀለም ይሥል፣ የመስታወት ሥዕሎችንም ይነድፍ ነበር። በ1897 የንግሥት ቪክቶሪያን የሕይወት ታሪክ አሳትሟል። በ1906 ጡረታ ወጥቶ በመጋቢት 1911 ለንደን ውስጥ ሞተ።

ሥዕሉ ከሆልምስ በኋላ

በጥንታዊ የቻይና የቀለም ሥዕሎች ላይ ባለቤቶች ማኅተማቸውን የማሳረፍ ልማድ ስላላቸው ሥዕሉ ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ከራሱ ከሥዕሉ ይነበባል። የኵርዓተ ርእሱ መንገድ የሚነበበው ግን ከጨረታ መዝገብ ነው። በ1917 በለንደኑ የክሪስቲስ ጨረታ ቤት በ420 ፓውንድ ተሸጠ። በ1950 እዚያው ቤት እንደገና ቀርቦ ፖርቱጋላዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ በ131 ጊኒ ገዛው። ምሁሩ ሥዕሉን የሣለው ላዛሮ ደ አንድራዴ የተባለ ፖርቱጋላዊ ነው ይል ነበር። እርሱ በ1967 ከሞተ በኋላ ሥዕሉ በቤተሰቡ እጅ ቆየ። በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፖርቱጋል ውስጥ በባንክ ካዝና ተቀምጦ አገኘው። በ2002 የፖርቱጋል መንግሥት በብሔራዊ ቅርስነት ስለመዘገበው ያለ መንግሥቱ ፈቃድ ከአገሪቱ ሊወጣ አይችልም።