አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የጨዋታው ሰዓት

በፈረስ መጋላ ዙሪያ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈውን የጨዋታ ሰዓት የሚወስነው ሰው ሐረርን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የአውሮፓ ሰዓት በጥቅምት ወር ወደ ኋላ ሲመለስ የሻምፒዮኖቹ ግጥሚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ይሸሻል፤ እኛ ተማሪዎችም ጨዋታው ሲያልቅ የምንመለስበት ባጃጅ እናጣለን። በአንጻሩ ደግሞ እንግሊዝ አገር ቅዳሜ በአገሩ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመረውን ጨዋታ ስታዲየሙ ሰው እንዳይጎድልበት ሲባል ለአገሩ ተመልካች በቴሌቪዥን ማሳየት ክልክል ሆኖ ኖሯል። ያንኑ ግጥሚያ የሐረር ልጅ እንደ ወቅቱ በ11 ወይም በ12 ሰዓት ሻዩን እየጠጣ ያየዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የማስተላለፍ መብት በገንዘብ ስለሚሸጥና ስለሚገዛ ነው። ነገሩን ስናነሣና ስንጥል ግን ጨዋታው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዘው ዕድሜያቸውን በሙሉ የተከራከሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ትዝ ስላሉን፥ ስለ እርሳቸው ጥቂት እንጽፋለን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር የግጥምና የዜማ ሰው ነበሩ። ልጅየው የአባታቸውን የአንደበት ርቱዕነት ወርሰው በዘፈን ፈንታ በስብሰባ አዳራሽ ተጠቀሙበት ብንል ማጋነን አይሆንም። በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ብዙ ዓመት ተጫወቱ። በጠላት ዘመን ጣሊያን ነጩንና ጥቁሩን በሜዳ ሳይቀር ለያይቶ ያጫውት ስለ ነበር፥ መለያየት ምን እንደ ሆነ ያወቁት ከመጽሐፍ አልነበረም። ከነጻነት በኋላ የአገሪቱን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ የእግር ኳስ ደንብንም ወደ አማርኛ መለሱ።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እልካለሁ ብትል የግብጽ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ መልክተኞች እምቢ አሉ፤ የመጀመሪያው ዋንጫም ያለ እርስዋ በ3 አገሮች መካከል ተደረገ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ እርሳቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ከተመራ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸነፈ። የዚያን ቀን ነገር ለአንባቢ መድገም አያስፈልግም፤ ከአያቶቻችን ሰምተን ጠግበነዋል።

ለጉዳያችን የበለጠ የሚጠቅመው በ1958 ዓ.ም. የሆነው ነው። ለዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሴንያ የተመደበው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። አፍሪካውያን በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ፤ አቶ ይድነቃቸውም ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር በዚህ ትግል ፊት ለፊት ቆሙ። ከ4 ዓመት በኋላ አፍሪካ የራስዋን ቦታ አግኝታ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። ያኔ አለመጫወትም ኀይል እንደ ነበረው ልብ ይሏል።

በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አገራችን ሲመጣ ምድቡ አንዱ አዲስ አበባ፥ ሌላው ድሬዳዋ ሆነ፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ከፈረስ መጋላ ቁልቁል በመኪና ለሚወርድ ሰው ብዙ በማይርቅ ሜዳ ተጫወቱ። ኳስ ወደ ሕዝቡ ሄደ ማለት እንዲህ ነው ብለን እናምናለን።

ቴሌቪዥን ግን ከዚያ በፊት ደርሶ ነበር፤ የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ በ1962 ዓ.ም. በተደረገ ጊዜ በቴሌቪዥን መታየት ጀምሯል። አቶ ይድነቃቸው ነጋዴ የስፖርት ጌታ እንዳይሆን እስከ መጨረሻው ተሟገቱ፤ የአፍሪካ ተጫዋችም በገንዘብ ተስቦ ወደ አውሮፓ መፍለሱን አልወደዱትም። አንድ አገር ከውጭ ሊጠራ የሚችለውን ተጫዋች በ2 የሚወስነው ደንብ እስከ 1974 ዓ.ም. ቆየ። በበኩላችን በዚህ ላይ ከእርሳቸው እንለያለን፤ እንጀራውን ፍለጋ የሄደን ልጅ ከአገሩ ቡድን ማራቅ ቅጣቱ የሚያርፈው በልጁ ላይ እንጂ በነጋዴው ላይ አይደለም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት እንዳሉ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ በካሜሩናዊው ኢሳ ሐያቱ ዘመን የማስተላለፍ መብት ዋነኛ ሀብት ሆነ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለ12 ዓመት የተገባ አንድ ውል ቢያንስ 1 ቢሊዮን ዶላር ያስገኛል ተብሎ ነበር፤ ማኅበሩ በ2012 ዓ.ም. አፈረሰው። ገንዘቡ አልጠቀመም አንልም፤ ዋንጫው ወደ 24 ቡድን አድጓል። ቀኑ ግን ለአውሮፓ ክለቦችና ለዓለም አቀፉ የጨዋታ መርሐ ግብር ሲባል አንዴ ወደ ጥር፣ አንዴ ወደ ሰኔ፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ታኅሣሥ ተገፋ።

በአገራችንም ነገሩ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለዲኤስቲቪ የ5 ዓመት መብት ሸጦ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር፥ በወረርሽኙና በሜዳ ጉድለት ጭምር ምክንያት በየከተማው መዞሩ ቀርቶ ቡድኖች ሁሉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ ተሰብስበው ተጫወቱ። ክለቦቹ ገንዘብ አገኙ። የወላይታ ድቻ ደጋፊ ግን በሶዶ ሜዳ በር ቲኬት መቁረጡ ቀርቶ፥ ቡድኑ ድሬዳዋ ላይ ሲጫወት ለማየት እንደ እኛ ዲሽ ያለበት ቤት ፈለገ።